ድራይቨሩ አልናገር አለ

ካዳመጣችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ ካላዳመጣችሁኝ ደግሞ እሰየው፣ ጋደም እላለሁ። ወንድይፍራው እባላለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የአንድ ፍርድ ቤት ኮምፒውተሮች ጠባቂ ሆኜ ኖሬያለሁ። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ደክሞኛል። ከወገቤ በላይም ደክሞኛል፣ ከወገቤ በታችም ደክሞኛል። ይቺን ነገር ግን ሳልናገር እንቅልፍ አይወስደኝምና ስሙኝ።

አንዲት ሴት አንዲት ገጽ ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገች። ብርዘገን ትባላለች። አርብ ከምሳ በኋላ አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ መስኮታችን ሥር መጣች፤ ድምፅዋ ግን ተዘግቷል። ወንድሟ አንዳርጌ ስምንት ወር ማረሚያ ቤት ከርሟል። ረቡዕ ዕለት ዳኛው ይፈታ ብለው ፈርደዋል። ማረሚያ ቤቱ ደግሞ የመፍቻ ትእዛዙን ገጽ ማኅተም አርፎበት በእጁ ካልያዘ ሰው አይለቅም። አርብ በአስራ አንድ ሰዓት በሩ ወረቀት መቀበል ያቆማል። ከዚያ ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ነው፣ ሰኞ በዓል ነው። ዋናው ወረቀትስ አትሉኝም? ድሮ ቀረ። አሁን ሁሉም ነገር ማሽን ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ እናታችንን ትናንት ቀበርን» አለችኝ። «እሱ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ስንቅ ሳደርስለት ጥቁሬን አውልቄ ነው የሄድኩት። ‹እማዬስ?› አለኝ። ‹ደህና ናት› አልኩት። እዚያ ውስጥ መርዶ እንዴት ይነገራል? ቤቱ ገብቶ፣ ሰው ከቦት ይስማ ብለናል። ድንኳኑ እሑድ ይነሳል። ዛሬ ካልወጣ እስከ ማክሰኞ አይወጣም፤ ያኔ ከማን ጋር ያለቅሳል?»

ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ገጽ ለማተም ሦስት ሰዓት ተኩል አይበቃም ወይ ብላችሁ እንዳትስቁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ጥጋቡ መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊያችን ነው። ቁልፉን ተጫነ። ማተሚያው አላትም አለ። በመዳፉ ጀርባውን መታው። አላትም አለ። ጎንበስ ብዬ «አንተ ማተሚያ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። ማሽን አይናገርም የምትሉ ካላችሁ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብራችሁት ኑሩና ከዚያ እንነጋገራለን። «ገጹን ስጡኝና ላትም፤ ገጽ ሳይመጣልኝ ምኑን ላትም? ፕሮግራሙን ጠይቀው» አለኝ። ማተሚያው አላትም አለ፣ ብርዘገንም መስኮቱ ሥር ቆማለች።

ወደ ፕሮግራሙ ዞርኩ፣ መዝገቦቹን ወደሚከፍተው። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። «አንተ ፕሮግራም፣ ክፈትና ማተሚያው ያትም፣ ማተሚያው ያትምና ሴትዮዋ ትሂድ።» «አልከፍትም» አለ። «ፋይል ሲስተሙ ፋይሉን ሳይሰጠኝ ምኑን ልክፈት?» ጥጋቡ ትዕግሥት የለውም፣ «ልግደለውና እንደገና ይነሳ» አለ። ገደለው። አልሞተም። ደግሞ ገደለው። አልሞተም። ከዲስክ መልስ የሚጠብቅ ፕሮግራም ቢገድሉት አይሞትም፤ መልሱ ሳይመጣ መሞት እንኳ አይፈቀድለትም። የእኔም ኑሮ ያው ነው፣ ተዉት። ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ ብርዘገንም ቆማለች።

ፋይል ሲስተሙ የማሽኑ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የትኛው ፋይል የትኛው ዲስክ ላይ፣ ስንተኛው ቦታ እንደተቀመጠ እሱ ያውቃል። «አንተ ፋይል ሲስተም፣ ስጥና ፕሮግራሙ ይክፈት፣ ፕሮግራሙ ይክፈትና ማተሚያው ያትም፣ ማተሚያው ያትምና ሴትዮዋ ትሂድ።» «አልሰጥም» አለኝ። ኩራቱ ለጉድ ነው። «ገጹ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሄዶ ማምጣት ግን የእኔ ሥራ አይደለም። አምጡልኝ ብዬ ለተራ አስከባሪው ጥያቄ ከሰጠሁ ቆየሁ፤ እሱን ጠይቀው።» ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ ብርዘገን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ተራ አስከባሪ ስል ሌላ እንዳይመስላችሁ። የታክሲ ተራ ላይ እየጮኸ የሚያስገባውን፣ የሚያስወጣውን ታውቁት የለ? ማሽኑን የሚያስተዳድረው ሊኑክስም ሆዱ ውስጥ እንደዚያ ያለ ሰው አለው። ወደ ዲስክ የሚሄድ ጥያቄ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጥያቄው ሲመለስ ቁጥሩን ይቀበለውና ለሌላ ይሰጣል። ያሉት ቁጥሮች ሠላሳ ሁለት ናቸው። «አንተ ተራ አስከባሪ፣ መልሱን አቀብልና ፋይል ሲስተሙ ይስጥ፣ ፋይል ሲስተሙ ይስጥና ፕሮግራሙ ይክፈት፣ ፕሮግራሙ ይክፈትና ማተሚያው ያትም፣ ማተሚያው ያትምና ሴትዮዋ ትሂድ።» «አላቀብልም» ብሎ ጮኸብኝ። «ምኑን ላቀብል? የእሷ ጥያቄ ሰባት ቁጥርን ይዞ ሄደ፣ አልተመለሰም። የረቡዕ ትእዛዞችን የፈለገ ሁሉ ቁጥር ይዞ ሄደ፣ አልተመለሰም። ሠላሳ ሁለቱም ቁጥሮቼ እዚያው ቀሩ! ይኸው ከኋላዬ ግቢው ሙሉ ተሰልፏል፣ ምን ልስጣቸው?»

እውነቱን ነው። ቀና ስል የሬጅስትራሩም ስክሪን ቆሟል፣ የገንዘብ ያዧም ስክሪን ቆሟል። ከብርዘገን ኋላ አስራ ምናምን ሰው ተሰልፏል፣ አንዱ ሕፃን ያለቅሳል። ተራ አስከባሪው አላቀብል አለ፣ ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ ብርዘገንም ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋለች። ስምንት ሰዓት ሆነ።

ጥያቄ ሰባትን ፍለጋ ወረድኩ። ጥያቄው በድራይቨሩ ደጃፍ ላይ ቁጥሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ድራይቨር ማለት ከዲስኩ ጋር የሚነጋገረው አስተርጓሚ ነው፤ ከላይ የመጣውን ለዲስኩ ያደርሳል፣ ዲስኩ ያለውን ወደ ላይ ይመልሳል። «አንተ ጥያቄ፣ ተመለስና ተራ አስከባሪው ያቀብል፣ ተራ አስከባሪው ያቀብልና ፋይል ሲስተሙ ይስጥ፣ ፋይል ሲስተሙ ይስጥና ፕሮግራሙ ይክፈት፣ ፕሮግራሙ ይክፈትና ማተሚያው ያትም፣ ማተሚያው ያትምና ሴትዮዋ ትሂድ።» «አልመለስም» አለ ምስኪን። «በገዛ እጄ መመለስ መቼ እችላለሁ? ድራይቨሩ ወይ ‹አለቀ› ይበለኝ፣ ወይ ‹አልሆነም› ይበለኝ። ሁለቱንም አላለኝም። ሰው ሳያሰናብተኝ ልሂድ?» ጥያቄው አልመለስ አለ፣ ተራ አስከባሪው አላቀብል አለ፣ ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ ብርዘገንም ስንት ሰዓት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።

ለዚህ ለዚህማ ዘበኛ ተቀጥሯል። ጥያቄ ሠላሳ ሴኮንድ ከቆየ ዘበኛው መጥቶ ድራይቨሩን «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አገኘሁት፣ ከወዲያ ወዲህ ይላል። «አንተ ዘበኛ፣ እስቲ ተቆጣና ጥያቄው ይመለስ፣ ጥያቄው ይመለስና ተራ አስከባሪው ያቀብል፣ ተራ አስከባሪው ያቀብልና ፋይል ሲስተሙ ይስጥ...» ትንፋሽ አጠረኝ፣ የቀረውን እናንተ ሙሉት። «አልቆጣም» አለኝ በጨዋ ደንብ። «በየሠላሳ ሴኮንዱ እጠይቀዋለሁ። ‹ትንሽ ጊዜ ስጠኝ› ይለኛል። እሰጠዋለሁ።» «ስንት ጊዜ ሰጠኸው?» «አልቆጠርኩም።» «ኧረ አንተ ሰውዬ! ይኼ ሁሉ ሰው ቆሞ እንዴት አትቆጣም?» «ጌታዬ፣ ጊዜ ከጠየቀህ ስጠው ተብሎ ነው የተጻፈልኝ። ቁጣ አልተጻፈልኝም።» ዘበኛው አልቆጣ አለ፣ ጥያቄው አልመለስ አለ፣ ተራ አስከባሪው አላቀብል አለ፣ ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ነው፣ ስንፍና አይደለም።

እንግዲህ ድራይቨሩ ራሱ ቀረ። «አንተ ድራይቨር!» አልኩት። ዝም። «ዲስኩ ምን አለህ?» ዝም። ለመንኩት፣ ዝም። ሰደብኩት፣ ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል። ድራይቨሩ አልናገር አለ፣ ዘበኛው አልቆጣ አለ፣ ጥያቄው አልመለስ አለ፣ ተራ አስከባሪው አላቀብል አለ፣ ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ ብርዘገንም እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

ድራይቨሩን አልፌ ዲስኩ ዘንድ ደረስኩ። ክፉ ሊናገረኝ ነው ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ከሁሉም የባሰ ደክሞታል። ድምፁም ከእኔ ድምፅ አይሻልም። «ነግሬዋለሁ» አለኝ። «የረቡዕ ትእዛዞች ያሉበት ቦታ ተበላሽቷል፣ ላነበው አልችልም። አልችልም ብዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ እንደገና ይጠይቀኛል። አልችልም እላለሁ። እንደገና ይጠይቀኛል። ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው ሥራዬ። ጎኔ ያለው ሁለተኛው ዲስክ ሁሉንም ነገር ገልብጦ ይዟል፣ እሱን ቢጠይቁት በአንድ አፍታ ያወጣዋል። ግን እኔ አልችልም ማለቴን ላይ ያሉት ካልሰሙ እሱን ማን ይጠይቀዋል?»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ዲስኩ አልችልም ብሎ ተናግሯል፤ ድራይቨሩ ነው አልናገር ያለው። ድራይቨሩ አልናገር ስላለ ዘበኛው አልቆጣ አለ፣ ጥያቄው አልመለስ አለ፣ ተራ አስከባሪው አላቀብል አለ፣ ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ፣ አንድ ሰው እናቱ ሞታበት ሳያለቅስ ቁጭ ብሏል።

ድራይቨሩን የጻፈው መክብብ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዲስኮቹ ያሉበት ሳጥን በእርዳታ ሲመጣ ሊኑክስ ውስጥ የሚያናግረው ድራይቨር ጠፋለትና እሱ ቁጭ ብሎ ጻፈለት። ደውዬ ጠራሁት። እየሮጠ ወረደ። የሆነውን ከታች እስከ ላይ ነገርኩት፤ ብርዘገንም ከደጅ ሆና ትሰማለች። ኮዱን ከፈተና አንዱን መስመር ዐይኑን አፍጥጦ አየው።

«ይኼን ማነው የጻፈው?» አለ።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«አይደለሁም!»

«ስምህ ከላይ አለ፣ መክብብ።»

ስሙን አነበበው። ከዚያ «ትዝ አለኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ዲስኩ አልችልም ካለ ወደ ላይ ሳልነግር ደግሜ ልሞክር ብዬ ነው። ምናልባት ይሳካለታል ብዬ። ዘበኛውም ሲመጣ ጊዜ ስጠኝ ልበለው ብዬ። ክፉ ወሬ ይዞ ላይ መውጣት ቀፈፈኝ፣ ጋሼ።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚሞክረው?»

«እስኪሳካ ድረስ።»

«ካልተሳካስ?»

ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አባቴ ሲሞት ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ፈተና ላይ ነው ብለው ሦስት ሳምንት ደበቁኝ። በስልክ ‹አባባስ?› ስላቸው ደህና ነው ይሉኛል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ነገር ሳላጠና፣ ሳላለቅስ ቆየሁ። እንዳላዝን ብለው ነው፤ ደግ ነው የሠሩት ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ያንኑ ነው እዚህ የጻፍኩት።»

አዘንኩለት። ግን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ማዘኛ ጊዜም የለም። መክብብ መርዶ አላረዳ አለ፣ ድራይቨሩ አልናገር አለ፣ ዘበኛው አልቆጣ አለ፣ ጥያቄው አልመለስ አለ፣ ተራ አስከባሪው አላቀብል አለ፣ ፋይል ሲስተሙ አልሰጥ አለ፣ ፕሮግራሙ አልከፍት አለ፣ ማተሚያው አላትም አለ። «በል ጻፍ!» አልኩት።

ጻፈ። ችኮላ ነው። ማሽኑን አጥፍተን አስነሳነው፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ወሰደ፣ አሥራ ሁለቱንም በወገቤ ቆጠርኳቸው። ጥጋቡ ቁልፉን ተጫነ። ታዲያ ምን ልበላችሁ! ድራይቨሩ ተናገረ፣ ዘበኛው አረፈ፣ ጥያቄው ተመለሰ፣ ተራ አስከባሪው አቀበለ፣ ፋይል ሲስተሙ ሰጠ፣ ፕሮግራሙ ከፈተ፣ ማተሚያው አተመ! ሰልፉ አጨበጨበ። ብርዘገን ወረቀቱን ቀማችው። አየችው። ገለበጠችው። እንደገና አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ባዶ ነው» አለች።

ባዶ ነው። አናቱ ላይ የፍርድ ቤቱ ስም አለ፣ ከዚያ በታች ነጭ። አንድ ፊደል የለበትም።

«መክብብ! ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ዲስኩ አልችልም ሲል...» ወደ ስክሪኑ ዞረ። «‹አለቀ› በል ብዬ ነው የጻፍኩት። ጥያቄው እንዲመለስ ብዬ ነው።»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። አስራ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ነው፣ እሱ ብቻውን አላመጣውም፣ ግን እሱ ላይ ወረደ። «ያልመጣን ነገር መጣ ትላለህ? ያልተነበበውን ተነበበ ትላለህ? በፊት ዝም አልክ፤ አሁን ዋሸህ! ዝም ስትል ሁሉም ቆመው ነበር፣ ስትዋሽ ይኸው ሁሉም ተደስተው ባዶ ወረቀት ተቀባበሉ። የቱ ነው የሚብሰው? እኔ እንጃ!» ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ወዲያው ጸጸተኝ፣ ደንግጧልና። ትከሻውን ያዝኩት። «ስማኝ፣ ልጄ። ዲስኩ አልችልም ካለ፣ ‹አልሆነም› በል። እንዳለው በል። ደግሞም አንዴ ብቻ በል። ሁለቴ ካልከው ተራ አስከባሪው ቁጥሩን ሁለቴ ይቀበልና ለሁለት ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ያኔ ማሽኑም ይወድቃል፣ እኛም አብረን እንወድቃለን። ዘበኛው ሲመጣም ጊዜ ስጠኝ አትበለው፣ እውነቱን ንገረውና ይሂድ።»

«‹አልሆነም› ካልኩ ግን ላይ ያሉት ምን ይሆናሉ?» አለ መክብብ።

«የሚሆኑትን ይሆናሉ! እነሱ መላ ያውቃሉ። አንተ ብቻ አትሸሽጋቸው።»

ብርዘገን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባዶውን ወረቀት አጥፋ አጥፋ ትንሽ አድርጋዋለች።

መክብብ ያንን መስመር አጥፍቶ ሌላ ጻፈ። ሁለት ጊዜ አነበበው፣ እኔም አነበብኩት። አሥር ሰዓት አልፏል። አጥፍተን አስነሳን። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሰዎች እንኳ ወሬ አቆሙ። ጥጋቡ ቁልፉን ሲጫን ዐይኑን ጨፍኖ ነው።

ዲስኩ አልችልም አለ። ድራይቨሩም ዲስኩ ያለውን «አልሆነም» ብሎ ተናገረ፣ አንዴ። ዘበኛው ሳይነሳ ቀረ። ጥያቄው ሰባት ቁጥርን ይዞ ተመለሰ። ተራ አስከባሪው ቁጥሩን ተቀብሎ «አልሆነም!» ብሎ ወደ ላይ ጮኸ። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ። ፋይል ሲስተሙ ግን አልጮኸም፣ አልወደቀም፣ ራሱንም አልሳተ። «እንግዲያው ከሁለተኛው ዲስክ አምጡልኝ» አለ። በቃ፣ ያን ያህል ነው። ከጠዋት ጀምሮ የጎደለው ያ ብቻ ነበር።

ተራ አስከባሪው አዲስ ቁጥር ሰጠ፣ አዲሱ ጥያቄ ወረደ፣ ሁለተኛው ዲስክ አነበበ፣ ድራይቨሩ «አለቀ» አለ፣ እውነት ስላለቀ። ድራይቨሩ አለቀ ሲል ጥያቄው ተመለሰ፣ ጥያቄው ሲመለስ ተራ አስከባሪው አቀበለ፣ ተራ አስከባሪው ሲያቀብል ፋይል ሲስተሙ ሰጠ፣ ፋይል ሲስተሙ ሲሰጥ ፕሮግራሙ ከፈተ፣ ፕሮግራሙ ሲከፍት ማተሚያው አተመ፣ ማተሚያው ሲያትም ጥጋቡ ማኅተሙን ዷ አደረገው፣ ብርዘገንም ገጿን አገኘች። አንዳርጌ ይፈታ ይላል። ፊደል በፊደል ይላል።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ስትወርድ አየሁና ብቻዋን መልቀቅ አላስቻለኝም። ባጃጅ አስቁሜ አብሬያት ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። በሩ ላይ ስንደርስ ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ ነበር። ፖሊሱ ገጹን አነበበ፣ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ፣ ገባ። ቆየ። ቆየ። ከዚያ አንዳርጌ ፌስታል አንጠልጥሎ ወጣ። ረጅም ነው፣ ከስቷል፣ ጺሙን ማንም አልላጨለትም።

እህቱን አቅፎ ሳማት። ከዚያ ራቅ አድርጎ ፊቷን እያየ «እማዬስ?» አላት።

ቤት ገብቶ ይስማ ተብሏል። ሰው ከቦት ይስማ ተብሏል። ሽማግሌዎቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ብርዘገን አፏን ከፈተች። «ደህ...» አለችና ቆመች። እኔን አላየችኝም፣ ባጃጁንም አላየችውም፣ እሱን ብቻ አየችው።

«አርፋለች» አለችው። «ረቡዕ ማታ ነው። ትናንት ቀበርናት።»

አልጮኸም። ፌስታሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«አውቄያለሁ» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። በስምንት ወር አንድ ቀን ስንቅ ጎድሎ አያውቅም፤ ትናንት ጎደለ። ዛሬ ደግሞ ድምፅሽ ተዘግቶ መጣሽ። የትኛው ለቅሶ ላይ ነው ድምፅሽ የተዘጋው ብዬ ልጠይቅሽ ነበር፣ ‹ደህና ናት› አልሽኝ።» እጇን ያዘ። «ደህና ናት ከተባልኩ እንዴት አለቅሳለሁ? ለደህና ሰው ይለቀሳል? ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ እኮ፣ ብርዝዬ። እንባዬ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ የሚፈቅድልኝ ሰው አጣሁ።»

«ይኸው ነገርኩህ» አለችው። «አልቅስ፣ ወንድሜ።»

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ አለቀሰች። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጠፋ፤ ቸኩያለሁ፣ ጨምሩልኝ አላለም። ፖሊሱም በሩን ዘግቶ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ቆሜ ጠበቅኳቸው፣ ጉልበቴ እያመመኝ። ሲበቃቸው ፌስታሉን አንስቼ ያዝኩላቸውና ሦስታችንም ባጃጁ ውስጥ ተጣበን ወደ ድንኳኑ ሄድን።